አይጧን ያዳነው መድኃኒት ለመንዝ ታማሚ ምን ይፈይዳል?

«በስትሮክ የሚሞት አንጎልን የሚያተርፍ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። በቴሌግራም ሲዘዋወር ቆይቶ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አባት ወይም እናት ያሉበት ቤተሰብም ዜናውን በስልኩ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄድና «ይህ እዚህ ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደለም። አንድ ንጥረ ነገር በአይጥ ላይ ተሞክሮ የሚሞተውን የአንጎል ክፍል በእርግጥ አሳንሶ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያቺ አይጥ ምን ዓይነት እንደነበረች፣ ሕመሙ በጀመረ በስንተኛው ደቂቃ መድኃኒቱን እንዳገኘች፣ የተዘጋው ደም ሥሯስ ተመልሶ ተከፍቶላት እንደሆነ ዜናው አለመናገሩ ነው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ውጤቱ በሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላለ ታማሚ የሚበጅ ይሁን አይሁን መገመት እንኳ አይቻልም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስትሮክ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚከሰት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚደርስ ነው። በዓለም ደረጃ የሚበዛው መዘጋቱ ነው፤ በአፍሪካ ግን የደም መፍሰሱ ድርሻ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለዚህም ሳይታከም የሚኖር የደም ግፊት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የአንጎል ጥበቃ ምርምር በአመዛኙ የሚያተኩረው በመዘጋቱ ላይ ነው።

የአዋቂ ሰው አንጎል ከሰውነቱ ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም። በጤና ጊዜ 100 ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ይህ መጠን ወደ 20 ሲወርድ ሴሎቹ ሥራ ያቆማሉ፤ እጅ አልነሳ ይላል፣ አንደበት ይታሰራል። ከ10 በታች ሲሆን ደግሞ ብዙ ሳይቆዩ ይሞታሉ። ተመራማሪዎችን ከአርባ ዓመት በላይ ሲያደክም የኖረው በሁለቱ መካከል ያለው ክፍል ነው፤ ሥራ አቁሟል፣ ግን ገና አልሞተም። መስኖው የተደፈነበትን ማሳ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መካከሉ ላይ ያለው ሰብል ወዲያው ይደርቃል፣ ዳር ዳሩ ያለው ግን ከጎረቤት ማሳ በሚሰርገው እርጥበት ጠውልጎ ይቆያል፤ ውሃው በጊዜ ከተመለሰለት ያገግማል፣ ካልተመለሰለት እሱም ይከተላል። ሐኪሞች ይህን የጠወለገ ዳርቻ «ፔነምብራ» ይሉታል። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካላገኘ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚጠፉ በ2006 የታተመ ስሌት ያሳያል።

ዳርቻው የሚሞተው ደም በማጣት ብቻ አይደለም። ኃይል ያለቀበት ሴል በውስጡ የያዘውን ግሉታሜት የተባለ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ያለ ልክ ይለቀዋል። ግሉታሜቱ የአጎራባች ሴሎችን በር ከፍቶ ካልሲየም እንዲጎርፍ ያደርጋል፤ የጎረፈው ካልሲየምም የሴሉን የገዛ አካል የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ደሙ ሲመለስ ደግሞ ይዞት የሚመጣው ኦክስጅን ራሱ ፍሪ ራዲካል የተባሉ አጥቂ ሞለኪዩሎችን ያበዛል፤ ከሰዓታትና ከቀናት በኋላም ነጭ የደም ሴሎች ገብተው ጉዳቱን በብግነት ያባብሱታል። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱን ማቋረጥ ከተቻለ ዳርቻው ሊተርፍ ይችላል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ እንከን የሚወጣለት አይደለም፤ የግሉታሜትን በር የሚዘጋ፣ ካልሲየምን የሚያግድ፣ ፍሪ ራዲካልን የሚያመክን፣ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት እየተባለ በመቶዎች የሚቆጠር ንጥረ ነገር የተፈተሸውም ለዚህ ነው።

ፍተሻው እንዴት እንደሚካሄድ በቅርብ ማየት ይጠቅማል፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነውና። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የተለመደው ዘዴ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው የክር ዘዴ ነው። 300 ግራም ያህል የምትመዝን አይጠ መጎጥ ማደንዘዣ ይሰጣትና አንገቷ ላይ ያለው ቆዳ ይከፈታል። ጫፉ የተድቦለቦለ ወይም በሲሊኮን የተለበጠ ቀጭን የናይለን ክር በአንገቷ ደም ቅዳ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲዘልቅ የሚገፋው እጅ ላይ ቀላል መገታት ይሰማል፤ ክሩ የመካከለኛውን የአንጎል ደም ቅዳ አፍ ደፍኗል ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ ክሩ ተስቦ ይወጣል፣ ደሙም ተመልሶ ይፈሳል። በማግስቱ እንስሳዋ ትገደልና አንጎሏ በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቆራርጦ ቲቲሲ በተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። በሕይወት ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ የሞተው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የነጩ ስፋት ይለካል። መድኃኒቱን ካገኙት አይጦች የነጩ ስፋት ካላገኙት በጉልህ ካነሰ «መድኃኒቱ አንጎልን ተከላክሏል» ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በአይጧ የተለካው በማግስቱ የታየ ቀለም ነው። በሰው ላይ በሚደረግ ሙከራ ግን የሚለካው ከ90 ቀን በኋላ ታማሚው ያለ ድጋፍ ይሄዳል ወይ፣ ልብሱን ራሱ ይለብሳል ወይ፣ ወደ ሥራው ተመልሷል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ዝምድና አላቸው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም።

ከአይጥ ወደ ሰው የተደረገው ጉዞ እስከ አሁን ያሳየው ውጤት የሚያጽናና አይደለም። በ2006 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለስትሮክ በቤተ ሙከራ የታሰቡ ሕክምናዎችን ቆጥረው 1,026 አገኙ፤ ከእነዚህ ውስጥ 114ቱ በሰው ላይ ተሞክረው ነበር። ከአንጎል ጥበቃ መድኃኒቶቹ መካከል በሰፊ ሙከራ ታማኝ ጥቅም አሳይቶ በዓለም ዙሪያ መደበኛ ሕክምና የሆነ አንድም አልነበረም። ከዚህ ቆጠራ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ወደ ሰው እንዲሻገሩ የተመረጡት መድኃኒቶች በእንስሳ ላይ ያሳዩት ውጤት እዚያው ቤተ ሙከራ ከቀሩት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። መመረጣቸው በውጤታቸው ብርታት ካልሆነ በሌላ ምክንያት ነበር ማለት ነው።

ከወደቁት ሁሉ ብዙ የተወራለት ኤን ኤክስ ዋይ 059 የተባለው ፍሪ ራዲካል አምካኝ ነው። አስትራዜኔካ ያበለጸገው ይህ መድኃኒት በአይጥም በጦጣም ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ በ2006 የታተመው የመጀመሪያው ትልቅ የሰው ሙከራም መጠነኛ ጥቅም ስላመለከተ በዘርፉ ከፍተኛ ደስታ ፈጠረ። ከዓመት በኋላ የወጣው፣ ከ3,300 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሁለተኛው ሙከራ ግን ከማስመሰያው (ፈዋሽ ንጥረ ነገር ከሌለበት) መድኃኒት የሚለየው ምንም ነገር እንደሌለ አረጋገጠ። በኋላ የእንስሳት ጥናቶቹ ተመልሰው ሲመረመሩ፣ እንስሳቱን በዕጣ የደለደሉትና የትኛዋ አይጥ መድኃኒቱን እንዳገኘች ሳያውቁ የለኩት ጥናቶች ያገኙት ጥቅም ይህን ጥንቃቄ ካላደረጉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ማግኒዚየም ሌላው ምሳሌ ነው፤ ለእኛም ቅርብ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣ የደም ግፊት የተነሣ የሚፈጠረውን የሚጥል ሕመም ለመከላከል ጤና ጣቢያዎቻችን ጭምር የሚጠቀሙበት ርካሽ መድኃኒት ነውና። በእንስሳ ላይ አንጎልን እንደሚከላከል ታይቶ ስለነበር በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ 1,700 ታማሚዎች በአምቡላንስ ውስጥ እያሉ፣ ሲቲ ስካን ሳይጠበቅ እንዲሰጣቸው ተደረገ። ከታማሚዎቹ ወደ ሦስት አራተኛው ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኙት። «ሰው ላይ የማይሠራው ስለሚዘገይ ነው» ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ፈተና ሊቀርብ አይችልም ነበር። በ2015 የታተመው ውጤት ግን መድኃኒቱ ጉዳት ባያደርስም በ90ኛው ቀን የታማሚዎቹን አቅም እንዳላሻሻለ አሳየ።

ነሪኔታይድ የተባለውስ? የካናዳ ተመራማሪዎች አይጥ አትበቃም ብለው አንጎሏ እንደ ሰው በእጥፋት የተሞላውን ማካክ የተባለች ጦጣ መረጡ፤ በ2012 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤትም ግሩም ነበር። በ2020 የታተመው 1,105 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ግን በጥቅሉ ጥቅም አላሳየም። ነገሩ ሲጠና መድኃኒቱ የረጋ ደምን ከሚያሟሟው አልቴፕሌዝ ጋር አብሮ ሲሰጥ እንደሚፈራርስ ታወቀ፤ አልቴፕሌዝ ያልወሰዱት ታማሚዎች የተጠቀሙ ይመስሉ ስለነበር በእነሱ ላይ ብቻ ሌላ ሙከራ ተደረገ። እሱም የተጠበቀውን አላመጣም።

እንስሳው የዳነው፣ ሰው ግን ያልዳነው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንድ መልስ የለም። ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ ሰፊ ውይይት የማይሹ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሙከራ አይጦች ወጣትና ጤነኛ ወንዶች ነበሩ፣ መድኃኒቱን የሚያገኙትም በደቂቃዎች ውስጥ፣ አንዳንዴም ደም ሥሩ ከመዘጋቱ በፊት ነበር። ሌሎቹ ግን ረቂቅ ናቸው። አይጧ የምትደነዝዝበት አይሶፍሉሬን የተባለው ጋዝ ራሱ አንጎልን በመጠኑ ይከላከላል። የሰውነት ሙቀት መውረድም እንዲሁ፤ በ1990 የታተመ አንድ ጥናት የግሉታሜትን በር ይዘጋል ተብሎ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኤም ኬ 801 አይጥ መሰል እንስሳትን ያዳናቸው ሙቀታቸውን ስለቀነሰው እንደነበር፣ ሙቀታቸው ሲጠበቅ ግን ጥቅሙ እንደጠፋ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚገርመኝ በ2020 የታተመው የቀንና የሌሊት ጉዳይ ነው። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፤ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትንቀሳቀሳለች። ተመራማሪዎች ግን ሥራቸውን የሚሠሩት ቀን ስለሆነ ቀዶ ጥገናውም መድኃኒቱም የሚሰጠው አይጧ በምታርፍበት ሰዓት ነው። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች በሰው ላይ ሳይሳኩ የቀሩ ሦስት የጥበቃ መንገዶችን መርጠው ሙከራውን በቀንም በሌሊትም ደገሙት። ቀን የሠሩት ሕክምናዎች አይጧ በምትነቃበት በሌሊቱ ክፍለ ጊዜ ሳይሠሩ ቀሩ። በተኛ አካል ሞቱ በጠወለገው ዳርቻ ላይ በዝግታ ይሰፋል፣ በነቃው ግን በፍጥነት። የሰው ስትሮክ በብዛት የሚከሰተው ደግሞ ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ሰውነት በሚነቃበት ጊዜ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተከማቹት ውጤቶች ከሰው የሰውነት ሰዓት በተቃራኒው የተወሰዱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ያልታተመው አለ። በ2010 የወጣ ትንታኔ 525 የእንስሳ ስትሮክ ጽሑፎችን መርምሮ የሞተው የአንጎል ክፍል መጠን ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘንም ያሉት 10 ብቻ እንደሆኑ ቆጥሯል። ይህ ሊሆን የማይችል ዕድል ነው፤ ያልተሳካው በመሳቢያ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ተንታኞቹ የቀረውን በስሌት ሲገምቱ 31 ከመቶ ይመስል የነበረው አማካይ ጥቅም ወደ 24 ከመቶ ወረደ።

ይህን የሚያነብ ሰው የእንስሳ ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳይቸኩል አንድ ተቃራኒ ማስረጃ ማቅረብ ይገባል። ዛሬ የተዘጋ ደም ሥርን ለመክፈት በዓለም ሁሉ የሚሰጠው አልቴፕሌዝ የመጣው ከእንስሳ ነው፤ በ1985 በጥንቸሎች ላይ ተሞክሮ ጉዳትን ቀነሰ፣ በ1995 ደግሞ 624 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ያለ ጉልህ የአካል ጉዳት የሚያገግሙትን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርግ ተረጋገጠ፤ በ2008 ገደቡ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ጥንቸሎቹ ላይ የተሠራው የረጋ ደም በመርጨት ነበር፤ መድኃኒቱም የሚሠራው በዚያው በረጋው ደም ላይ ነው። ሙከራው በሽታውን በትክክል ሲመስል ውጤቱም ይሻገራል የሚለውን ሐሳብ እኔ የምቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሩ ያልተሳበለት ታማሚ

አሁን በሰሜን ሸዋ የሚታየውን ታማሚ ከዚያች አይጥ ጎን እናቁመው። ስድሳውን ያለፉ አባት ናቸው እንበል። ግፊት እንዳለባቸው በአንድ ወቅት ተነግሯቸው ክኒን ጀምረው ነበር፤ «ደህና ሆኛለሁ» ብለው ካቆሙት ግን ቆይተዋል። ማታ ደህና ተኝተው ንጋት ላይ ሲነሱ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፣ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ የሚያውቅ የለም፤ በደም ሥር መዘጋት ከሚመጣው ስትሮክ አምስት አንድ ያህሉ እንዲህ ከእንቅልፍ ሲነቁ የሚታወቅ ነው። አንዱ «ምች ነው» ይላል፣ ሌላው «ልክፍት ነው» ይላል፤ ጸበል ቅርብ ነውና መጀመሪያ ወደዚያ ይወሰዳሉ። በሁለተኛው ቀን ሰው ተሰብስቦ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ በሞላሌና በመዘዞ አድርገው፣ በጣርማ በር ዞረው ወደ ደብረ ብርሃን ይጓዛሉ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋ ዕለት ደግሞ ይህም አይሆንም። ሲደርሱ ሲቲ ስካን መነሣት አለባቸው፤ ደም ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ደግሞ ለፈነዳው ከተሰጠ ሊገድል ስለሚችል።

አይጧ ወጣትና ጤነኛ ነበረች፣ እሳቸው አዛውንትና ለዓመታት ግፊት ያዳከመው ደም ሥር ያላቸው ናቸው። አይጧ መድኃኒቱን በደቂቃዎች ውስጥ አገኘች፣ እሳቸው በሁለተኛው ቀን ደረሱ። ሁለቱንም ልዩነቶች ተመራማሪዎች በሚገባ ያውቋቸዋል፤ በየጽሑፉ መጨረሻም ይጠቅሷቸዋል። ሦስተኛው ግን እኛ ካላነሣነው ሌላ የሚያነሣልን አይመስለኝም፤ የአይጧ ክር ተስቦ ወጥቷል፣ የእሳቸው አልወጣም።

ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። የአንጎል ጥበቃ መድኃኒት ሥራው ዳርቻው እስከሚደረስለት ማቆየት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ታማሚው ሆስፒታል ሲደርስ አልቴፕሌዝ ይሰጠዋል፤ ትልቅ ደም ሥር ከተዘጋበትም ከ2015 ወዲህ በተስፋፋው ሕክምና በቀጭን ቱቦ ተገብቶ የረጋው ደም ተጎትቶ ይወጣለታል። እዚያ ክሩን የሚስብ አለ፤ ስለዚህም የክር ዘዴው ለእነሱ ታማሚ ቅርብ ነው። የገጠር መንዝ ታማሚ ግን ይህን ሁለቱንም በጊዜው የሚያገኝበት ዕድል እጅግ የመነመነ ነው። መድኃኒቱ ዳርቻውን ለስድስት ሰዓት አቆየ ቢባል፣ በስድስተኛው ሰዓት ደሙን የሚመልስ ከሌለ ሞቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። መድኃኒቱ ራሱ ወደ ተጎዳው ክፍል የሚደርሰው በደም አማካይነት መሆኑም አይረሳ። የጥበቃ መድኃኒት ይበልጥ የሚያስፈልገው መንገዱ ረጅም ለሆነ አገር ነው እየተባለ ሲነገር እሰማለሁ፤ ሐሳቡ ልክ ነው፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ደም ሥር የሚከፈትበት ሆስፒታል ካለ።

የዘርፉ ሰዎች ከውድቀታቸው አልተማሩም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ1999 ከዩኒቨርሲቲዎችና ከመድኃኒት ኩባንያዎች የተውጣጡ ባለሙያዎች «ስቴር» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን መመሪያ አወጡ፤ ከአንድ በላይ ቤተ ሙከራ፣ ከአንድ በላይ የእንስሳ ዝርያ፣ ዕጣ፣ በስውር መለካት የሚሉትን አስቀመጡ። ኤን ኤክስ ዋይ 059 ይህን መመሪያ አሟልቷል ተብሎ ነበር የወደቀው፤ ስለዚህ መመሪያው በ2009 ጠበቅ ተደርጎ ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ የመጣውና በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀው ሥራ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በገንዘብ የደገፉት «ስፓን» የተባለው የቤተ ሙከራዎች ጥምረት ነው። ስድስት ቤተ ሙከራዎች ስድስት ሕክምናዎችን በአንድ ዓይነት ሥርዓት፣ በዕጣና በስውር፣ 2,615 አይጦችና አይጠ መጎጦች ላይ ፈተሹ። ወጣቶች ብቻ ሳይሆኑ ያረጁ፣ በምግብ ያወፈሯቸው፣ በተፈጥሯቸው የደም ግፊት ያለባቸው እንስሳት፣ ወንዱም ሴቱም ተካተቱ። ውጤቱ የተለካው በማግስቱ በሚታይ ቀለም አልነበረም፤ ወር ገደማ ቆይተው እንስሳዋን በሁለት ሰሌዳዎች ማዕዘን ውስጥ አስገብተው በየትኛው ጎኗ እንደምትዞር አዩ። አንድ ጎኗ የደከመባት ደጋግማ በአንድ ወገን ብቻ ትዞራለች።

በ2023 በታተመው ውጤት ከስድስቱ አምስቱ ወደቁ፤ ያለፈው ዩሪክ አሲድ ብቻ ነበር። ጥሬ ሥጋ ወዳድ በሆነው አገራችን ይህ ስም ለብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሪህንና የሐኪም ክልከላን ነው፤ በደም ሥር በተለካ መጠን የሚሰጠው ሌላ፣ በደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ክልከላውን ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም። ለእኛ ይበልጥ የሚመለከተን የስፓን አይጦች እንኳ ክራቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ የተሳበ መሆኑ ነው። ግፊት ያለባት አይጥ ወደ እኛ ታማሚ አንድ እርምጃ ቀርባለች፤ ደም ሥሯ ግን ተከፍቷል።

ዘግይቶ የሚሰጥ መድኃኒት ፈጽሞ የለም ወይ ቢባል፣ ከእስያ የሚመጣው መረጃ ትኩረት ይሻል። ጃፓን ፍሪ ራዲካል የሚያመክነውን ኤዳራቮንን በ2001 ለስትሮክ ፈቅዳለች፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ለዚህ ሕመም አልተፈቀደም። ቻይናውያን ዴክስቦርኒዮል ከተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ጋር አዋሕደው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ መስጠት ጀመሩ፤ በ2021 የታተመውና ከ1,100 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራቸው በ90ኛው ቀን ጉልህ ጉድለት ሳይኖርባቸው የተገኙት ከውሕዱ ወሳጆች 67 ከመቶ፣ ኤዳራቮንን ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 59 ከመቶ ያህል እንደሆኑ ዘግቧል። ማነጻጸሪያው ማስመሰያ መድኃኒት አልነበረም፣ ታማሚዎቹም ሁሉ በቻይና የታከሙ ነበሩ፤ በሌላ አገር ተደግሞ ካልታየ ልቤን ሙሉ በሙሉ አልሰጠውም። የ48 ሰዓቱ መስኮት ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ለዘገየው ታማሚ የሚቀርበው ነው።

ገበያ ላይ ስላለው ጥበቃ

በደብረ ብርሃን ገበያ ጥቁር አዝሙድ ሲሸጥ «ለግፊትም ለስትሮክም» እየተባለ ነው፤ አሁን አሁን ደግሞ «በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚል ተጨምሮበታል። ማስረጃው አለ፤ ጥቁር አዝሙድና በውስጡ ያለው ታይሞኪኖን በክር ዘዴ ስትሮክ በያዛቸው አይጦች ላይ ተሞክረው ጉዳት እንደቀነሱ የሚናገሩ ጽሑፎች ታትመዋል። በእነዚህ ጥናቶች ግን በተለመደው አሠራር የተጨመቀው ንጥረ ነገር ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በመቶዎች በሚቆጠር ሚሊ ግራም ተለክቶ፣ ደም ሥሩ ከመዘጋቱ በፊት ለቀናት ይሰጣል። ስትሮክ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚይዘው አውቆ የሚዘጋጅ ሰው የለም። ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ የሚያደርሰው ክፉ ነገር የለም፤ ክፋቱ የሚመጣው ሰውየው እሱን ይዞ የግፊት ክኒኑን ሲተው ነው። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ እርዱም በዚሁ ሚዛን የሚታዩ ናቸው።

ከሕመሙ በፊት የሚሰጥ ጥበቃ የሚለው ሐሳብ ግን በሌላ መልኩ ለሰው እውን ሆኗል። የላይኛው የግፊት ቁጥር በ10 ሲወርድ ስትሮክ የመያዝ ዕድል በ27 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ በርካታ ሙከራዎችን ያጠቃለለ በ2016 የታተመ ትንታኔ አሳይቷል። ከላይ ከተዘረዘሩት የአንጎል ጥበቃ መድኃኒቶች ውስጥ በሰው ላይ እንዲህ በበርካታ ሙከራዎች የተረጋገጠ ጥቅም ያሳየ አንድም የለም፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ በአገራችን የቆዩ፣ ዋጋቸውም ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ዝቅ ያለ ክኒኖች ናቸው። መዘጋቱንም መፍሰሱንም ይከላከላሉ፤ ይህም በየጥናቱ ችላ የተባለውን የደም መፍሰስ ታማሚ ያካትታል።

ለእንዲህ ያለ አካባቢ የሚስማማ የእንስሳ ጥናት ቢታሰብ፣ ክሩ ሳይሳብ የሚቀርባቸው ያረጁና ግፊት ያለባቸው እንስሳት፣ ከእነሱ ጎን ደግሞ ደም የፈሰሰባቸው ሌሎች ያስፈልጉታል፤ መድኃኒቱ ከ12 ወይም ከ24 ሰዓት በኋላ መሰጠት፣ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት፣ ከተቻለም በጡንቻ የሚወጋ መሆን ይኖርበታል፤ መለኪያውም ከወር በኋላ እንስሳዋ የደከመ እጇን መጠቀሟ ይሆናል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራ ውድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ይጀመር ብሎ መናገር ቀላል፣ ማድረግ ከባድ ነው። በእጃችን ያለው የሰው መረጃ ግን ወጪው ያን ያህል አይከብድም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተማሪዎችና የዞኑ ሆስፒታሎች ለእያንዳንዱ የስትሮክ ታማሚ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት፣ ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት፣ ሲደርስ የተለካውን ግፊትና የሲቲ ስካኑን ውጤት በአንድ ዓይነት ቅጽ ቢመዘግቡ፣ የትኛው የአይጥ ሙከራ የማንን ታማሚ እንደሚመስል በግምት ሳይሆን በቁጥር መናገር ይቻላል፤ የ48 ሰዓት መድኃኒት ነገ እዚህ ይሞከር ቢባል ስንቶቹ በጊዜው ደርሰው ሊያገኙት እንደሚችሉም ከዚያው ቅጽ ይታወቃል።